«ይስጡኝ» የሌለበት ሰሌዳ



አዘጋጆቹ የሰጡኝ ሰዓት አጭር ስለሆነ በቀጥታ ልግባ። የማወራው በአፋቸው ስለማይናገሩ፣ ግን በሥዕል ሰሌዳ፣ በፊደል ገበታ ወይም ድምፅ በሚያወጣ ታብሌት ስለሚናገሩ ተማሪዎች ነው።

ብዙ ጊዜ የሚገጥመኝ ሰሌዳ ከእንግሊዝኛ ቃል በቃል የተገለበጠ ነው፦ «እኔ»፣ «መፈለግ»፣ «ውኃ»። እንዲህ ብሎ የሚያወራ አበሻ አይታችሁ ታውቃላችሁ? «እፈልጋለሁ» ስንል እኮ «እኔ» ግሱ ውስጥ አለ። ይባስ ብሎ ልጁ መምህሩን አንቱ ማለት ቢፈልግ መንገድ የለውም። ስለዚህ «ስጠኝ»፣ «ስጪኝ»፣ «ይስጡኝ» ለየብቻ ይቀመጡ። «አልፈልግም» ደግሞ ከሁሉ በፊት፤ እምቢ ማለት የማይችል ልጅ የሚደርስበትን እንኳ መናገር አይችልም።

ወደ ፊደሉ ልምጣ። 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ናቸው። እጁ ለሚንቀጠቀጥ ወይም በዓይኑ ብቻ ለሚጠቁም ልጅ ይህን ሁሉ አንድ ገጽ ላይ መደርደር መከራ ነው። እኔ በሁለት እርምጃ ነው የማሠራው፤ መጀመሪያ ግዕዙን ይመርጣል፣ ቀጥሎ ከ1 እስከ 7 ቤቱን። ረድፉን እያሳየሁ «ይሄ ነው?» እላለሁ፤ ልክ ከሆነ ዓይኑን ወደ ላይ ያነሳል። ሞክሼዎቹን አንድ ካደረግን 28 ይቀራሉ (የቋንቋ ክፍል መምህራን ይቅር ይበሉኝ)።

መምህሩም እያስተማረ ራሱ ሰሌዳውን መጠቆም አለበት፤ ልጅ ማንም ሲናገርበት ያላየውን ቋንቋ ከየት ይልመድ? ጠይቆም ዝም ብሎ ይጠብቅ። ዝምታው ረጅም ነው፣ ይከብዳል።

ወላጆች «ሰሌዳ ከለመደ አፉን አይፈታም» ብለው ይሰጋሉ። ጥናቶች ግን ንግግርን ሲቀንስ አላገኙትም፤ በአንዳንድ ልጆች እንዲያውም ጨምሯል። የልጁን እጅ ይዞ ማስጠቆም ሌላ ጉዳይ ነው። በጥንቃቄ ሲፈተን ቃሉ የልጁ ሳይሆን የያዢው ሆኖ ተገኝቷልና በፈተና ቀን በፍጹም አይደረግ። ይልቅ ተጨማሪ ሰዓት ይሰጠው።

ይህ ቸርነት አይደለም። አገራችን በ2010 እ.ኤ.አ. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 24 አማራጭ የመግባቢያ ዘዴዎችን በትምህርት ውስጥ በስም ጠርቶ አስቀምጧል።

አሁን ለምታስተምሩት አንድ ልመና አለኝ። ዕጩ መምህራን ከመመረቃቸው በፊት አንድ ከሰዓት በኋላ አፋቸውን ዘግተው በሰሌዳ ብቻ ይነጋገሩ፤ ምሳም በዚያው ይዘዙ። ሰሌዳዎቹን እኔ አመጣለሁ።