ከአደጋው በፊት



በዛሬው ንግግራችን የምንመለከተው፣ ምድርን ቆፍረው የሚሠሩ ሰዎች ከአደጋ የሚጠበቁበትን መንገድ ነው። በድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ሠራተኛው ከመግባቱ አስቀድሞ ሊመረመሩ የሚገባቸው ነገሮች አሉ፤ ይኸውም ጣራው እንዳይናድ፣ ጋዙና የከሰሉ ብናኝ እንዳይፈነዳ፣ ውሃም በድንገት እንዳይገባ ነው። ይህ ትምህርት በብዙ ሕይወት የተገዛ ነው፤ በ1898 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በኩሪዬር ጉድጓድ በደረሰው ፍንዳታ 1,099 ሰዎች አልቀዋልና።

በአገራችንም በዳውሮና በሌሎች ሥፍራዎች የድንጋይ ከሰል ይወጣል። ሆኖም ይህ ጥንቃቄ ለከሰል ጉድጓድ ብቻ የተወሰነ አይደለም። በደቡብ ኦሞ፣ በቱርሚ አጠገብ ያለው የካስኬ ወንዝ በበጋ ሲደርቅ፣ የሐመር ሴቶችና ልጃገረዶች አሸዋውን ቆፍረው ውሃ ይቀዳሉ። ውሃው በራቀ መጠን ጉድጓዱ ይጠልቃል። አንድ ሜትር ኩብ አሸዋ ከ1,500 ኪሎ ያላነሰ ይመዝናል፤ እስከ ደረቱ የተቀበረ ሰው መውጣት ቀርቶ መተንፈስ ይሳነዋል። ደግሞም በቱርሚ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ፣ በላይኛው አገር የጣለ ዝናብ ደረቁን ወንዝ በድንገት ሊሞላው ይችላል።

እንግዲህ መድኃኒቱ በተራ የሚታይ ነው። አንደኛው አደጋውን ከሥሩ ማስወገድ ነው፤ ክዳንና የእጅ ፓምፕ ያለው ጉድጓድ በመንደሩ ቢኖር፣ ወደ አሸዋው የሚወርድ አይኖርም። ይህ እስኪሆን ድረስ ሁለተኛው፣ የጉድጓዱን አፍ አስፍቶ ጎኑን አዘንብሎ መቆፈር፣ የወጣውን አሸዋ ከአፋፉ ማራቅ፣ የወንዙንም ላይኛ ወገን የሚጠብቅ ሰው ማቆም ነው። «ተጠንቀቁ» ብሎ መምከር ግን የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው አይደለም።

አደጋ ከደረሰም በኋላ ጥንቃቄው አይቀርም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ሊያወጡ የተሰበሰቡ ሰዎች በሁለተኛው ናዳ ተቀብረዋል፤ የሞቱትም ከ200 በላይ ናቸው። ስለዚህ ረጂው ከመግባቱ በፊት የቀረው አፈር መቆሙን ያረጋግጥ።

እርስዎ በቢሮ የሚሠሩ አድማጫችን፣ «ይህ እኔን ምን ይመለከተኛል?» ይሉ ይሆናል። የተሰበረ ፓምፕ መለዋወጫ የሚጠየቅበት ደብዳቤ ከአንድ ባለሥልጣን ጠረጴዛ ላይ ያልፋል፤ ደብዳቤው አንድ ወር ባደረ ቁጥር፣ ልጃገረዲቱ አንድ ወር ወደ አሸዋው ጉድጓድ ትመለሳለች። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይሆን፣ ፊርማው ዛሬ ይፈረም።