በታጠበ እጅ ግቡ

የዛሬው ቀን ባለቤት የሆናችሁ ውድ ተመራቂዎች፤ እንኳን ደስ አላችሁ! ሙዝና ማንጎ ሸጣችሁ፣ ሸማ ሠርታችሁ ልጆቻችሁን ለዚህ ያበቃችሁ ወላጆች፣ እናንተም እንኳን ለዚህ ቀን አደረሳችሁ።

ከጫኖ መንደር በሌሊት ምጥ ይዟት የምትመጣ እናት የምትመኘው በሰላም መገላገልን ነው። የሚመረምራት እጅ መታጠቡን፣ እትብቱ የሚቆረጥበት መቀስ በእንፋሎት ማምከኛው ኦቶክሌቭ ውስጥ መግባቱን አትጠይቅም። እኛን አምና ትተኛለች። ዛሬ የምትቀበሉት የምስክር ወረቀት ይህን እምነት የመሸከም ኃላፊነት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት እንደ እኛ ባሉ አገሮች ሆስፒታል ከሚተኙ 100 ሕሙማን መካከል 15ቱን ይዘውት ያልመጡት ኢንፌክሽን እዚያው ይይዛቸዋል። በበለጸጉት አገሮች ቁጥሩ 7 ነው። ከሚያዙት ከ10 አንዱ ይሞታል። ከእነዚህ ኢንፌክሽኖች 70 በመቶውን በእጅ ንጽሕናና ብዙ ገንዘብ በማይጠይቁ ሌሎች እርምጃዎች መከላከል እንደሚቻልም ይኸው ሪፖርት ይናገራል።

ነገሩ ከደጃችን የራቀ አይደለም። ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. በዚሁ በክልላችን፣ በጂንካ ከተማ፣ የማርበርግ ቫይረስ በሽታ መከሰቱ ተረጋገጠ። ሕይወታቸውን ካጡት መካከል የጤና ባለሙያዎችም ነበሩ። ማርበርግ ሲጀምር እንደ ወባ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና ድካም ነው። ወባ በማይጠፋበት በጫኖና በአካባቢው ወደምትሠሩ ወደ እናንተ፣ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ በየቀኑ ይመጣል። በሽታው ምን እንደሆነ ላቦራቶሪ እስኪነግራችሁ ድረስ የነካችሁትን ነክታችኋል። ጥንቃቄ ለሁሉም ታካሚ፣ ሁልጊዜ የሚባለው ለዚህ ነው፤ የተጠረጠረውን ብቻ የሚጠነቀቅ ባለሙያ ያልጠረጠረው ይይዘዋል።

ደንቡን ተምራችሁታል። እጅ የሚጸዳው ታካሚውን ከመንካት በፊት፣ ንጹሕ ሥራ ከመጀመር በፊት፣ ከደምና ከሰውነት ፈሳሽ ንክኪ በኋላ፣ ታካሚውን ከነኩ በኋላ፣ አልጋውንና ዕቃውን ከነኩ በኋላ ነው። በአልኮል ከ20 እስከ 30 ሰከንድ፣ በሳሙናና በውኃ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ይበቃል። ጓንት የእጅ መታጠብ ምትክ አይደለም፤ ከአልጋ አልጋ የሚዞር ጓንት ተሕዋስያንን ያዞራል። የተወጋበት መርፌ ክዳኑ አይመለስም። የመርፌ መጣያው ሴፍቲ ቦክስም ሦስት አራተኛው ሲሞላ ይዘጋል።

ታዲያ ይህን ሁሉ እያወቅን ለምን እናጓድላለን? ቧንቧው ይደርቃል፤ ጓንት ያልቃል፤ ሌሊት አንዲት ነርስ ለብዙ አልጋ ትቀራለች። ክቡራን የጤናው ዘርፍ ኃላፊዎች፣ ውኃ ሳይኖር ባለሙያን መውቀስ ፍትሕ አይደለም። ከግቢው አበባ በፊት የማዋለጃ ክፍሉ ቧንቧ ይቅደም። ነገር ግን ውኃው እየፈሰሰ፣ አልኮሉ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ እጅ ሳይታጠብ የሚያልፍበት ጊዜም አለ። ውድ ተመራቂዎች፣ ክፍሉን በተቀላቀላችሁ በመጀመሪያው ወር “እኛ ስንሠራ የኖርነው እንዲህ ነው” የሚላችሁ አታጡም። ነባሩን አክብሩ፤ ስሕተቱን ግን አትውረሱ።

የጋሞ አባቶች በሸንጎአቸው በዱቡሻ ላይ ጥፋት ተደብቆ እንዲኖር አይፈቅዱም፤ በአደባባይ ይነገራል፣ በአደባባይ ይታረማል። የሕክምና ክፍላችንም እንዲህ ይሁን። መርፌ የወጋው ሰው አፍሮ ዝም አይበል፤ ለኤችአይቪ የሚሰጠው መከላከያ መድኃኒት በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበትና። ጽዳት ሠራተኛዋ “ዶክተር፣ እጅዎን አልታጠቡም” ብትል ምላሹ ምስጋና ይሁን። እናንተ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ የጣላችሁት መርፌ የሚወጋው እሷን ነው። የሄፓታይተስ ቢ ክትባትም፣ ወፍራም ጓንትም፣ ሥልጠናም ለእሷ ይገባታል።

ውድ ልጆቼ፣ ተቆጣጣሪ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው፤ ታካሚው ግን በየሰዓቱ አለ። ተቆጣጣሪው ባለበት ቀን የምትሠሩትን፣ ማንም በማያያችሁ ሌሊትም ሥሩ። ጤና ጣቢያም ሆነ ሆስፒታል ብትመደቡ፣ ቆላ ብትወርዱ ደጋ ብትወጡ፣ ወደ እያንዳንዱ ታካሚ በታጠበ እጅ ግቡ። አምኗችሁ የተኛ ሰው በእናንተ እጅ እንዳይታመም ዛሬ ለራሳችሁ ቃል ግቡ። በድጋሚ እንኳን ደስ አላችሁ፤ ሥራችሁ የተባረከ ይሁን።