መኪናው ሲገዛ ቁልፉ በማን እጅ ነው?

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የብድር ኮሚቴው ያቀረበው ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ አንዲት እናታችን ተነሥተው፣ «ልጄ አዲስ አበባ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቶ ታክሲ ሊሠራበት ነው፤ ከቁጠባችን ብድር ስጡኝ» ብለውን ነበር። ጥያቄው የአንድ ቤት ብቻ አይደለም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ ከጽጽቃም ከሰቆጣም ወጥተው ከተማ የሚሠሩ ልጆቻችን ፊታቸውን ወደ ባትሪ መኪና አዙረዋል። ስለዚህ መልስ ከመስጠታችን በፊት ጠይቀን የተረዳነውን ልንነግራችሁ ቆመናል።

ይህ መኪና ብረትና ሞተር ብቻ አይደለም። ውስጡ ኮምፒውተር አለ፤ ብዙዎቹም እንደ ስልካችን ሲም ካርድ ኖሯቸው ከኢንተርኔት ጋር ይገናኛሉ። ፋብሪካው ካለበት ሆኖ አዲስ ሶፍትዌር በኔትወርክ ይልክላቸዋል። ስልካችን «አፕዴት ይደረግ?» ብሎ እንደሚጠይቀን ማለት ነው። የሚጫነው መኪናው ቆሞ፣ ባትሪው በቂ ኃይል ሲኖረው ነው፤ እስኪያልቅም አይነዳም።

ጥቅሙ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካ ውስጥ የቴስላ ሞዴል 3 ፍሬን ሲፈተሽ፣ መኪናው ለመቆም ብዙ ርቀት ይፈጃል ተባለ። ኩባንያው በቀናት ውስጥ ማስተካከያውን በኔትወርክ ላከ፤ እንደገና ሲለካ ርቀቱ 6 ሜትር ገደማ አጠረ። ለዚህ ብሎ መኪናውን ጋራዥ የወሰደ የለም።

ግን ለወዳጅ የተከፈተ በር ለሌባም ክፍት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ሁለት ተመራማሪዎች እየተነዳ ያለ ጂፕ ቸሮኪ ውስጥ ከሩቅ በኢንተርኔት ገብተው፣ አውራ ጎዳና ላይ ፍጥነቱን አሳጡት። ሙከራው አደጋውን ለማሳየት ነበር፤ ኩባንያውም 1.4 ሚሊዮን መኪኖችን ለማስተካከያ ጠራ።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ ከሚገቡት መኪኖች ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው። እዚህ ሲደርሱ ስክሪኑ በቻይንኛ ብቻ የሚጽፍ፣ አፑ የማይሠራ፣ አፕዴቱም የማይደርሰው ያጋጥማል። ያኔ ባለሙያ ተፈልጎ በኬብል ይጫናል፤ ይህም ገንዘብ ይጠይቃል።

የአንዲት አባላችን ልጅ ደግሞ ያገለገለ መኪና ገዛ። የመኪናው አካውንት ግን በሻጩ ስልክ ላይ ቀርቶ ነበር። ሻጩ መኪናው የት እንደቆመ ያያል፤ ከፈለገ በሩን ከስልኩ ይከፍታል። ልጁ ሙሉ ዋጋ ከፍሎ፣ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ፣ መኪናው ገና የሁለት ሰው ነበር። ሰውየውን ፈልጎ አካውንቱን እስኪያስለቅቅ ሳምንታት ሄዱ።

ኔትወርክ ሲጠፋስ? ይህን ከእኛ በላይ ማን ይጠይቅ! በጦርነቱ ጊዜ መብራትም ስልክም አጥተን ከርመናል። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያም በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። መልሱ ይህ ነው፦ መኪናው ያለ ኢንተርኔት ይሄዳል፣ ባትሪውም ይሞላል። የሚቋረጠው አፑ፣ አፕዴቱና ከኢንተርኔት የሚመጣው ካርታ ነው። በሩን በአፕ መክፈት የለመደ ሰው ግን ዋናውን ቁልፍ ከእጁ አይለይ።

እናቶቻችን፣ ብድሩን አልከለከልንም። ሣጥናችን ውስጥ ያለው ብር ግን ከማርና ከፍየል ሽያጭ፣ ከጉልት ትርፍ ሳንቲም በሳንቲም የተጠራቀመ ነው። ስለዚህ ለመኪና የሚበደር ሁሉ ሦስት ነገር ያሳየን። አንደኛ፣ ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ሻጩ አካውንቱን ከስልኩ አጥፍቶ በገዢው ስም እንዲያዞር በውሉ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ሶፍትዌሩን እዚህ አገር ማን እንደሚያድስና ስንት እንደሚያስከፍል ይታወቅ። ሦስተኛ፣ የመኪናው ቁልፎችና ካርዶች በሙሉ ተቆጥረው ይረከቡ።

እኒያ እናታችንም ዛሬ ማታ ለልጃቸው ደውለው እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ይጠይቁልን። መልሱን ይዘው ሲመጡ ብድሩን ለመወሰን ዝግጁ ነን። ዋስ መሆን ደግ ነው፤ ዋስ የሆኑለትን ነገር ማወቅ ግን ይቀድማል።