አንድ ኩል ለአንድ ሰው

(ማንቡክ ላይ በተካሄደው የማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ በሒሳብ ሠራተኛዋ የቀረበ ንግግር)



የሒሳብ ሠራተኛችሁ ስትነሳ መዋጮ ያልከፈለ ሰው ስም ልትጠራ መስሏችሁ እንደደነገጣችሁ አይቻለሁ። አይዟችሁ፤ ዛሬ የማወራው ስለ ኩል ነው። ወጣቶቹ «አይላይነር» ስለሚሉት፣ ጫፉ እንደ ወፍ ክንፍ ወደ ላይ ስለሚሾለው። እቤት ውስጥ እንዴት እንደሚኳል እነግራችኋለሁ። ከዚያ በፊት ግን የራሴን ጥፋት ልናገር።

እንደምታውቁት ማኅበራችን ለሰርግና ለሐዘን ድንኳን፣ ሳህንና ሲኒ ያውሳል። ከሁለት ዓመት በፊት የሙሽራ ማስዋቢያ ሳጥንም ጨመርን። ዕቃውን በሞዴል 19 የተረከብኩት እኔ ነኝ። መስታወቱን፣ ማበጠሪያውን፣ ኩሉን ሁሉ በቋሚ ንብረት መዝገብ ላይ፣ ከድንኳኑ ሥር ጻፍኩ። «ፈሳሽ ኩል፣ ብዛት 1»። ትምህርቴ ሒሳብ ነው፤ ቋሚ ንብረትና አላቂ ዕቃ መለየት የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት ነው። ያን ቀን ግን አልለየሁም።

ባለፈው ጥር በአንድ ሰርግ በዚያ ኩል ሙሽራዋ ተኳለች፤ ሦስት ሚዜዎቿም ተኳሉ፤ ቤት ውስጥ የነበሩ ሁለት ሕፃናትም «እኛም» ብለው ተኳሉ። በሦስተኛው ቀን የሁለቱ ሚዜዎች ዓይን ቀላ። ጠዋት ሲነሱ ቆባቸው በዓይናር ተጣብቆ በውኃ ነበር የሚላቀቀው። አንዷ ልብስ ሰፊ አባላችን ናት። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቅቷት መኪናዋ 9 ቀን ቆመ፤ የተቀበለችውን ቀብድ መለሰች።

በሽታው ከኩሉ ይምጣ ከፎጣው በምርመራ የለየ የለም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ግን መጀመሪያ የጠየቀችው «ኩሉ የማን ነው?» ብላ ነበር። መልሱ መዝገቤ ላይ ነበረ፤ የሁላችንም።

እህቶቼ፣ እኛ መካፈል እናውቃለን። በ2013 ዓ.ም. ከዞናችን ብዙ ሰው ተፈናቅሎ ቻግኒ ሲጠለል አንድ ጆግና አንድ ብርድ ልብስ ለስንት ቤተሰብ እንደበቃ የደረሰበት ያውቀዋል። «የኔን ተኳይ» ማለት ፍቅር ነው። ዓይን ግን የሚካፈሉት ነገር አይወድም። ትራኮማን ሁላችንም የዓይን ማዝ ብለን እናውቀዋለን። በተላላፊ በሽታ ምክንያት ከሚመጣ ዓይነ ስውርነት በዓለም ቀዳሚው እሱ ነው፤ ሀገራችንም በሽታው በብዛት ካለባቸው አገሮች አንዷ ናት። ከዓይንና ከአፍንጫ በሚወጣ ፈሳሽ፣ በእጅ፣ በጋራ ጨርቅና በዝንብ ይተላለፋል። ደጋግሞ ሲይዝ ቆቡ ወደ ውስጥ ይቀለበስና ሽፋሽፍቱ ዓይንን እየፋቀ ያጠፋል። ከእናቶች ይልቅ አባቶች ላይ የሚያንሰው ሴቶች ልጆችን ስለምናቅፍ፣ ፊታቸውን ስለምንጠርግ ነው። ብሩሹ ወይም መኳያው ከአንዷ ዓይን ወደ ሌላዋ ከሄደ ከዚያ የጋራ ጨርቅ በምን ይለያል?

ስለ ዱቄቱ ኩልም አንድ ቃል ልበል። በተለያዩ አገሮች በተደረገ ምርመራ ከዱቄት ኩል ውስጥ እርሳስ የተባለው ብረት ተገኝቷል፤ የምንጽፍበትን እርሳስ ማለቴ አይደለም። ይህ ብረት የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። የትኛው ኩል ውስጥ እንዳለ በማየት አይታወቅም። ስለዚህ «ዓይኑ እንዲያምር» ተብሎ ሕፃን አይኳል።

አሁን ወደ አኳኳሉ። እኔ የምጠቀመው ብዕር የሚመስለውን ነው፤ ለጀማሪ እጅ ከብሩሹ ይቀላል።

መጀመሪያ እጅና ፊት በሳሙና ታጥቦ በራስ ፎጣ ይደርቃል። የእኛ አገር ሙቀት ቆብን ቶሎ ያወዛል፤ ስለዚህ ወዙን በሶፍት ጠርጎ ትንሽ ፓውደር ማስነካት ነው። ከዚያ በመስኮት ብርሃን ፊት ተቀምጦ ክርንን ጠረጴዛ ላይ ማሳረፍ። እጅ የሚንቀጠቀጠው አየር ላይ ሲንጠለጠል ነው።

ሁለተኛ፣ ቀጥ ብሎ መስታወት እያዩ የታችኛው ቆብ መስመር ወደ ቅንድብ ጫፍ ቢቀጥል የት እንደሚያልፍ መገመት። እዚያ ላይ አንዲት ነጥብ ማድረግ። በሌላውም ዓይን እንዲሁ። ሁለቱ ነጥቦች እኩል መሆናቸው ሳይረጋገጥ መስመር አይጀመርም። ይህ እንደ ሒሳብ ነው፤ ሁለቱ ወገን ካልተመጣጠነ ገጹ አይዘጋም።

ሦስተኛ፣ ነጥቡን ከዓይን ጥግ ጋር በቀጭኑ ማገናኘት። ከነጥቡ ተመልሶ እስከ ላይኛው ሽፋሽፍት መካከል ሌላ መስመር መሳብ። በመካከል የቀረውን ክፍተት መሙላት። ቆብን ወደ ጎን መጎተት አይገባም፤ ሲለቁት መስመሩ ይጣመማል። አንድ ረጅም መስመር ከመሳብ አጫጭሩን መቀጣጠል ይሻላል። ከሽፋሽፍቱ በስተውስጥ፣ እርጥቡ ላይ አታድርጉ።

ከተበላሸ ጫፉን በጆሮ ጥጥ ማቅናት። ብዕሩ ሲደርቅ በምራቅ ማራስ ግን ፈጽሞ ክልክል ነው። ማታ በጥጥና በጥቂት ቫዝሊን አስለቅቆ፣ ፊት ታጥቦ መተኛት። ዓይን የቀላ ሰው እስኪድን አይኳል፤ ሲድንም አሮጌውን ኩል ይጣል።

ማሸጊያው ላይ ክዳኗ የተከፈተ ትንሽ ብልቃጥ ሥዕል ፈልጉ። ውስጧ 6 ቁጥር ካለ ከተከፈተ ከ6 ወር በላይ አያገለግልም ማለት ነው። የተከፈተበትን ቀን በፕላስተር ላይ ጽፎ መለጠፍ ይጠቅማል።

ለጋሾቻችን፣ በቀጣዩ ሪፖርት «የግል ኩል፣ አላቂ ዕቃ» የሚል መስመር ብታዩ አትገረሙ። ሐሳቤ ይህ ነው። ኩሉን በጅምላ ገዝተን ለአባላት በመጣበት ዋጋ እንሽጥ፤ ብሩ ተመልሶ ሣጥን ይገባል። መዋጮ አይነካም። ለምታገባ አባል ወይም የአባል ልጅ አንዱን ማኅበሩ በስጦታ ይስጥ፤ ከሰርጉ በኋላ የሷ ሆኖ ይቅር። ልብስ ሰፊዋ እህታችን በ9 ቀን ያጣችው ገቢ ለሁሉም ሚዜዎች ኩል ገዝቶ ይተርፍ እንደነበር ከራሷ ጋር ቁጭ ብለን አስልተናል።

መስታወቱን ግን እንዋዋስ። ድንኳኑን፣ ሲኒውን፣ ጉልበታችንንም እንዋዋስ። አሮጌውን ኩል በቃለ ጉባኤ ከመዝገብ አውጥቼዋለሁ፤ ፊርማዬም አለበት። የቀረው የእናንተ እጅ ማውጣት ነው።