ያላዩትን ወፍ በድምፁ ስለ ማወቅ

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከሁሉ አስቀድሞ በዓመቱ ውስጥ የተለዩንን ነፍሳቸውን ይማር። እኛንም ለዚህ ቀን ላደረሰን ፈጣሪ ምስጋና ይግባው።

ተናገር ስባል ስለ መዋጮና ስለ ሂሳብ የማወራ መስሏችሁ ይሆናል። እሱን ጸሐፊያችን ያቀርቡታል። እኔ የምናገረው ስለ ወፍ ነው። አትሳቁብኝ፤ ነገሩ ከእድር ጋር ይገናኛል።

ጥሩምባ በሌሊት ሲነፋ ነፊውን አናየውም። ነገር ግን የእኛ እድር ይሁን የጎረቤት ከመኝታችን ሆነን እንለያለን። ጆሯችን ስለለመደ ነው። ወፍም እንደዚሁ ነው። በተለይ በ2010 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ በመዘገበው በከፋ ደን ውስጥ ቅጠሉ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ዓይን ብዙ አይረዳም፤ የሚረዳው ጆሮ ነው።

ጋጋኖን ማን ያጣዋል? ጠዋትና ማታ በመንጋ ሆኖ እየተንጫጫ ያልፋል። ያ አፈ ትልቁ ጥቁርና ነጭ ወፍ ደግሞ ሲበር ክንፉ ራሱ እንደ ነፋስ ይጮኻል፤ ቀና ሳትሉ ታውቁታላችሁ። አስቸጋሪው የሌሊቱ ነው። በጨለማ የሚጮኸውን ሁሉ «ጉጉት ነው፣ ሞት ጠራ» እንላለን። እኔም የምናገረው ስለዚሁ ነው።

ነገሩ የሆነው በ1979 ዓ.ም. ክረምት ነው። እናቴ ትኩሳት ይዟት ተኝታ ነበር። ሦስት ሌሊት ሙሉ ከቤታችን በላይ ካለው ዛፍ ላይ አንድ ወፍ ጮኸ። ዘመድ ተሰብስቦ፣ «ጉጉቱ ጠርቷታል፤ መንገድ ላይ ከምትሞት እቤቷ ትረፍ» አለ። እኔ ያኔ ማንበብና መጻፍ የምችል፣ ቢሮ የምውል ሰው ነኝ። ዝም አልኩ። ሁለት ቀን እንዲህ ሆኖ አለፈ።

በሦስተኛው ሌሊት ሊጠይቋት የመጡ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት ነበሩ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ዛፍ ላይ ቀፎ ሲሰቅሉ የኖሩ ናቸው። ወፉ ሲጮኽ ጥቂት አዳመጡና፣ «ይሄማ ጉጉት አይደለም፤ የዝናብ ወፍ ነው። በየክረምቱ ይጮኻል። ምነው ልጄ፣ በወፍ ምክንያት ሰው ታስተኛላችሁ?» አሉኝ። ሲነጋ በቃሬዛ ተሸክመን ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ግን አልተረፈችም። ሁለት ቀን ብንቀድም ትድን ነበር ወይ? እሱን ፈጣሪ ያውቃል። እኔ ግን ሁለቱን ቀን እስከ ዛሬ እቆጥራቸዋለሁ።

ኋላ ስጠይቅና ሳነብ ሽማግሌው ትክክል ነበሩ። ወፉ ከኩኩ ወገን ሲሆን ጀርባው ግራጫ፣ ደረቱ ቀላ ያለ ነው። ቅጠል ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚጮኽ የሚያየው ጥቂት ሰው ነው። ድምፁ ፉጨት ሆኖ ሦስት ጊዜ ነው፤ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። በዝናብ ወራት ቀኑን ሙሉ ይጮኻል፤ አንዳንዴም ሌሊት። በደቡብ አፍሪካ ስሙን ከጩኸቱ ወስደው «ፒት ማይ ፍሮ» ይሉታል። የጫካችን ጉጉት ግን አያፏጭም። ከጉሮሮው «ሁ፣ ሁሁ» ይላል፤ ሴቷም ቀጠን ባለ ድምፅ ትመልስለታለች። እሱም ቢሆን የሚጠራው ሚስቱን እንጂ ሰውን አይደለም። አይጥ ስለሚበላልን ልናመሰግነው ይገባል።

እንግዲህ የማላየውን ወፍ ስሰማ አራት ነገር በወረቀት እይዛለሁ፤ የጸሐፊነት ልማድ ነው። አንደኛ፣ ሰዓቱንና ወሩን። ሁለተኛ፣ ከዛፍ ጫፍ ነው ወይስ ከመሬት። ሦስተኛ፣ ስንት ጊዜ ይጮኻል፤ ድምፁ ይወጣል ወይስ ይወርዳል። አራተኛ፣ ፉጨት ነው፣ ጉርምርምታ ነው ወይስ ሻካራ። አንድ ጊዜ ሰምቶ መፍረድ ግን አይገባም። የሌላውን ወፍ ዜማ እየቀዳ የሚያታልል ወፍ አለና። ደግሞ ደጋግሞ መስማት ነው።

ወጣቶች «ስልክ አለ» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፤ የአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ድምፅ ሰምቶ የወፉን ስም የሚናገር «መርሊን» የሚባል የስልክ ፕሮግራም አውጥቷል። ነገር ግን ስልኩ የሚያውቀው ሰው ቀድቶ ያስተማረውን ነው። ሽማግሌዎቻችን የሚያውቁትን ካልጠየቅናቸው ይዘውት ይሄዳሉ፤ እኛም ቀብረናቸው እንመለሳለን።

የወፍ ድምፅ ማወቅ ጥቅሙ ተራ አይደለም። ማር መሪን ተመልከቱ። በ1989 እ.ኤ.አ. በሰሜን ኬንያ ቦረናዎች ዘንድ የተደረገ ጥናት ታትሟል። በማያውቁት አገር ማር ፈላጊዎች ያለ ወፉ አንድ የንብ ቤት ለማግኘት በአማካይ 8.9 ሰዓት ሲፈጅባቸው፣ በወፉ ሲመሩ 3.2 ሰዓት ብቻ ፈጅቶባቸዋል። ድምፁን የተረዳ ሰው ማሩን በላ ማለት ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር ለምኜ ልጨርስ። የታመመ ሰው ባለበት ቤት ሌሊት ወፍ ቢጮኽ መጀመሪያ በሽተኛውን አንሱ። ቃሬዛው የእድሩ ነው፤ ትከሻውም የእኛ ነው። ሰው ለመቅበር የምንሰባሰበውን ያህል ለማሳከምም እንሰባሰብ። ወፉን መንገድ ላይ እያዳመጥን እንለየዋለን።

 እድራችንን ያሰንብትልን።