መድኃኒት ነው ወይስ ምግብ? ስለ አሚኖ አሲድና ስለ ጭንቀት የተደረገ ንግግር




የዛሬው ንግግሬ መነሻ አንድ አጭር ጥያቄና አንድ የተሳሳተ መልስ ናቸው። ጥያቄው የአንዲት እናት ሲሆን፥ መልሱ ግን የእኔ ነበር።

እኒህ እናት በየወሩ የሐኪም ማዘዣ ይዘው ወደ ፋርማሲያችን የሚመጡ ደንበኛ ናቸው። አንድ ቀን ከቦርሳቸው አንድ ብልቃጥ አወጡና ባንኮኒው ላይ አኑረው፥ «ልጄ፥ አሜሪካን አገር ያለችው ልጄ ለጭንቀት ይሆንሻል ብላ ላከችልኝ፤ ይህ መድኃኒት ነው ወይስ ምግብ?» ሲሉ ጠየቁኝ። በብልቃጡ ላይ የተጻፈው ጋባ የሚል ነበር። ተራ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነበርና ጽሑፉን ገረፍ አድርጌ አይቼ፥ «አሚኖ አሲድ ነው እማማ፤ እንደ ምግብ ያለ ነገር ነው፤ አይጎዳዎትም» አልኋቸው።

እርሳቸውም ቃሌን አመኑ። ምግብ ሆኖ ጭንቀትን የሚያስታግሥ ከተገኘ መድኃኒቱ ምን ያደርግልኛል ብለው፥ ለብዙ ወራት ማታ ማታ ሲወስዱት የቆዩትን ዲያዜፓም በአንድ ጊዜ አቆሙ። ከቀናት በኋላ ሲመለሱ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እንቅልፍ ከዐይናቸው ጠፍቶ፥ ጭንቀቱም ከቀድሞው ብሶባቸው ነበር። የጎዳቸው በብልቃጡ ውስጥ ያለው ነገር ሳይሆን የመድኃኒቱ በድንገት መቋረጥ ነው፤ ወደዚያም የመራቸው የእኔ ችኩል ቃል ነው። እንዲህ ያለው ማቋረጥ እስከ መንፈራገጥና ራስን እስከ መሳት ሊያደርስ እንደሚችል ሁላችንም ተምረነዋል። እግዚአብሔር ይመስገን፥ ወደ ሐኪማቸው በጊዜ ስለ ተመለሱ ከዚያ ሳይደርሱ ቀሩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥያቄያቸውን ደጋግሜ አስቤዋለሁ። በመንገደኛ ሻንጣ ከውጭ አገር የሚመጣው የዚህ ዓይነት ብልቃጥ እየበዛ በመሄዱ ጥያቄው ለእኔ ብቻ ሳይሆን ለእያንዳንዳችሁም የሚቀርብ ነውና፥ መልሱን በጋራ ብንመረምር መልካም ይመስለኛል።

በመጀመሪያ ጋባን እንመልከት። ጋባ ፕሮቲን ከሚሠራባቸው 20 አሚኖ አሲዶች አንዱ አይደለም። በአንጎል ውስጥ መኖሩ እ.ኤ.አ. በ1950 ከታወቀ ወዲህ የነርቮችን ግለት የሚያበርድ ዋና መልእክተኛ መሆኑ ተረጋግጧል። ዲያዜፓምም ቢሆን ጭንቀትን የሚያስታግሠው የጋባን ሥራ በማጠናከር ነው። ታዲያ ጋባን ራሱን ብንውጠውስ የሚለው አሳብ በውጭ ሲታይ እውነት ይመስላል። ነገር ግን በደምና በአንጎል መካከል ያለው ግርዶሽ ጋባን እንደ ልብ አያሳልፍም። ስለዚህ ብልቃጡ የዲያዜፓምን ቦታ ሊተካ አይችልም።

ሁለተኛው ትሪፕቶፋን ነው። ሰውነታችን ሴሮቶኒንን የሚሠራው ከዚህ አሚኖ አሲድ በመሆኑ፥ ለእንቅልፍ ማጣት፥ ለትካዜና ለጭንቀት ብዙ ሕዝብ ሲወስደው ኖሯል። በምግብ ውስጥ ሲገኝ ግን ከሌሎች አሚኖ አሲዶች ጋር በአንድ ጠባብ በር እየተጋፋ ወደ አንጎል ስለሚገባ፥ በቁጥርም ከሁሉ ያነሰ ስለ ሆነ፥ ሥጋና ዕንቁላል መብላት ብቻውን የአንጎልን ሴሮቶኒን አያበዛም። በካፕሱል ብቻውን በብዛት ሲሰጥ ግን በሩ ይከፈትለታል። እንግዲህ አንድ ንጥረ ነገር ከምግብነት ወጥቶ ወደ መድኃኒትነት የሚሻገረው እዚህ ላይ ነው።

የመድኃኒትን ጥንቃቄ ሳይለብስ የመድኃኒትን ሥራ የሚሠራ ነገር ምን እንደሚያስከትል እ.ኤ.አ. በ1989 ታይቷል። በዚያ ዓመት በኦክቶበር ወር ኒው ሜክሲኮ በተባለችው የአሜሪካ ግዛት ሦስት ሴቶች በብርቱ የጡንቻ ሕመም ታመው ቀረቡ፤ በደማቸውም ኢዮሲኖፊል የተባለው የነጭ ደም ሕዋስ ከልክ በላይ በዝቶ ተገኘ። ሦስቱም ትሪፕቶፋን ይወስዱ ነበር። በሚከተለው ወር ምርቱ ከገበያ እንዲነሣ ተደረገ። ይሁን እንጂ ከ1,500 በላይ ሰዎች ታመው ቢያንስ 37ቱ ሞቱ። ምርመራው ያመራው ሾዋ ዴንኮ ወደ ተባለው የጃፓን ፋብሪካ ነበር። ፋብሪካው ትሪፕቶፋኑን የሚያመርትበትን ባክቴሪያ ለውጦ፥ ለማጣሪያ የሚጠቀምበትንም ከሰል ቀንሶ ነበር። የምርቱ ንጽሕና ከመቶ ከ99 በላይ ሲሆን፥ ጥፋቱ የተያያዘው በቀረችው ጥቂት እድፍ ነው። የትኛዋ እድፍ እንደ ሆነች ዛሬም የመጨረሻው ቃል አልተነገረም። ከዓመታት በኋላ ትሪፕቶፋን ወደ ገበያ ተመልሷል፤ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው ሕግ መሠረት ግን የዚህ ዓይነት ምርት እንደ መድኃኒት ፈዋሽነቱ አስቀድሞ ሳይመረመር ይሸጣል። «ከአሜሪካ የመጣ ነው» የሚለው ቃል ብቻውን ዋስትና አለመሆኑን ደንበኞቻችን ከእኛ ሊሰሙ ይገባል።

ሦስተኛው በሻይ ቅጠል ውስጥ የሚገኘውና እ.ኤ.አ. በ1949 በጃፓን ተለይቶ የታወቀው ቲአኒን ነው። መንፈስን ያረጋጋል የሚል ስም አለው፤ ጥቂት ትናንሽ ሙከራዎችም ይህን የሚደግፍ ምልክት አሳይተዋል። ነገር ግን በአውስትራሊያ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሞ በወጣ ጥናት፥ የታወቀ የጭንቀት ሕመም ላለባቸው 46 ሰዎች ከመድኃኒታቸው ጋር ተጨምሮ ሲሰጥ ጭንቀትን በማስታገሥ ከማስመሰያ ክኒን አልበለጠም።

ይህን ሁሉ ስል አሚኖ አሲድ ለጭንቀት ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ አንድ ጥናት በሰሜን ምዕራብ ሶርያ፥ ኑሯቸው በስንዴ ላይ ለተመሠረተ ድኾች ቤተሰቦች ላይሲን የተጨመረበት ዱቄት ለ3 ወራት ሰጥቶ፥ በወንዶቹ ላይ ሥር የሰደደው ጭንቀት መቀነሱን፥ በሴቶቹም ላይ ሰውነት በድንጋጤ ጊዜ የሚያመነጨው ኮርቲሶል መቀነሱን ገልጿል። ይህ የሆነው ስንዴ ላይሲን ስለሚያንሰው ነው፤ ያጣ ሰው ያጣውን ሲያገኝ ተጠቀመ። ለእኛም የሚሰጠው ትምህርት ከእንጀራው ጋር ሽሮና ምስር የማይጠፋበት ገበታ የእህልን ጉድለት በጥራጥሬ እንደሚሞላ ነው። ላልጎደለው ሰው ግን መጨመሩ ይኸው ጥቅም አለው ብሎ መደምደም አይቻልም።

ክቡራትና ክቡራን፤ እንግዲህ በባንኮኒው ላይ ምን እናድርግ? ብልቃጡን ከማየታችን በፊት ሰውዬውን እንጠይቅ። የሚወስደው ሌላ መድኃኒት ምንድን ነው? ፍሉኦክሰቲንን ለሚወስድ ሰው ትሪፕቶፋን ሲጨመር ሴሮቶኒን ከልክ አልፎ መንቀጥቀጥን፥ ላብን፥ ትኩሳትንና የልብ መፍጠንን ሊያመጣ ይችላል፤ ትራማዶልም ከዚሁ ጥንቃቄ ውጭ አይደለም። እርጉዝ ናት ወይስ የምታጠባ? የጉበት ወይስ የኩላሊት ሕመም አለ? ጭንቀቱንስ ሐኪም አይቶታል? የእንቅርት ዕጢ መታወክ፥ ጫትና የበዛ ቡና ጭንቀት መስለው እንደሚመጡ እናውቃለንና። ከሁሉም በላይ የሐኪሙን መድኃኒት ከሐኪሙ ሳይማከር እንዳያቆም አስረግጠን እንንገረው።

እኒያ እናት ዛሬም ይመጣሉ። መድኃኒታቸውን በሐኪማቸው መሪነት በጥቂት በጥቂቱ እየቀነሱ ነው። ከጊዜ በኋላ ስሕተቴን ነግሬያቸው ይቅርታ ስጠይቃቸው፥ «እኔማ አንተን አምኜ ነው፥ ልጄ» አሉኝ። ከዚህ የከበደ ወቀሳ አልሰማሁም። ለጥያቄያቸው ያን ቀን ልሰጠው ይገባኝ የነበረው መልስ ይህ ነበር፦ «ከማዕድ ሲበሉት ምግብ ነው እማማ፤ ለሕመም ብለው ከብልቃጥ ሲወስዱት ግን እንደ መድኃኒት ይጠየቅበታል። እስኪ ይቀመጡና የሚወስዱትን ሁሉ ይንገሩኝ።»