ስሌቱን በነሐሴ ሥሩት



በምረቃ ቀን ስለ ሕልምና ስለ ራዕይ ማውራት የተለመደ ነው። እኔ ግን ዕድሜዬን ከኤሌክትሪክ ጋር የጨረስኩ ሰው ነኝና ላይብረሪያችሁ ጣሪያ ላይ ስለሚተከል ሶላር ባወራ ይቅርታ ታደርጉልኛላችሁ።

በፈተና ሳምንት፣ ማታ፣ ላይብረሪው ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ መብራት ሲሄድ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ ያ የጋራ “ኧረ!” ይሰማል፤ ከዚያ የስልክ ባትሪ ይበራል፤ ከዚያ ጀነሬተሩ እስኪነሳ ይጠበቃል። ናፍጣ ካለ ይነሳል። የሚነሳው ለየትኛው ሕንጻ እንደሆነ ደግሞ አስተዳደሩም እናንተም ስለምታውቁ እኔ አልገባበትም።

“የሕዳሴው ግድብ ተመርቆ ሶላር ምን ያደርግልናል?” የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ እናንተን ጨለማ ውስጥ የሚጥላችሁ የውኃ እጥረት ሳይሆን ግቢው ደጃፍ የወደቀ ምሰሶ፣ የተበጠሰ ሽቦ፣ የተቃጠለ ትራንስፎርመር ነው። ግድቡ የቱንም ያህል ቢያመነጭ የተቃጠለ ትራንስፎርመር አያሳልፍም።

የፓነል ዋጋ ከንግዲህ ሰበብ መሆን የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1977 ገደማ ለአንድ ዋት ከ70 ዶላር በላይ ይከፈል ነበር፤ ዛሬ ከፋብሪካ ሲወጣ ከ20 ሳንቲም በታች ነው። ብር ከዶላር ጋር ያለው ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ወዲህ የት እንደደረሰ አውቃለሁ፤ ያም ሆኖ ፓነሉ ከጠቅላላው ወጪ ትንሹ እየሆነ ነው። ገንዘብ የሚበላው ባትሪው፣ ኢንቨርተሩና የተሳሳተው ዕቅድ ነው።

በተሳሳተው ዕቅድ ላይ ትንሽ ልቆይ። ናይሮቢ ያለው ስትራትሞር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2014 ጣሪያዎቹ ላይ 600 ኪሎዋት ሶላር ዘርግቷል። ይህንን ለመሥራት በአነስተኛ ወለድ ተበደረ፤ ሥራው ያዋጣውም ኬንያ ውስጥ መብራት ውድ ስለሆነ ነው። ፀሐይ የምታመርተው እያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት ከወር ሒሳብ ላይ ይቀነሳል። የእኛ ታሪፍ በየጊዜው ቢጨምርም ከጎረቤቶቻችን ጋር ሲነጻጸር ዛሬም ርካሽ ነው። ስለዚህ የስትራትሞርን ስሌት እንዳለ ገልብጦ የሚያመጣ ሰው ይከስራል። በእኛ ግቢ የሶላር ተፎካካሪ የመስመር መብራት ሳይሆን ናፍጣ ነው፤ ከናፍጣው ጋር ደግሞ የባከነ የጥናት ሰዓት፣ የተበላሸ የላብራቶሪ ናሙና፣ የተቋረጠ ኢንተርኔት።

ነገሩ እንዲህ ከሆነ ጥያቄው “ግቢውን በሙሉ በስንት ብር?” መሆኑ ቀርቶ “ለአንዲት ደቂቃ እንኳ መጥፋት የሌለበት የቱ ነው?” ይሆናል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ይወስዳል። ባለ 18 ዋት ኤልኢዲ አምፖል 200 ብትሰቅሉ የሚወስዱት 3,600 ዋት ነው። አንድ ትልቅ የንባብ አዳራሽ ማለት እኮ አንድ ምጣድ ነው! ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ቢበራ 22 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይጠይቃል። ለዚህ ከ20 የማይበልጥ ባለ 550 ዋት ፓነልና የሚመጥነው ባትሪ ይበቃል። የካፌው እንጀራ በመስመሩ ይጋገር፤ እንጀራ ሁለት ሰዓት ሊጠብቅ ይችላል።

ይህን ቁጥር ያገኘሁት ግን በጥር ፀሐይ አይደለም። “የ13 ወር ፀሐይ” የሚለው መጠሪያ ሀብተሥላሴ ታፈሰ ለቱሪስት ያወጡት ነው፤ ለመሐንዲስ አይሆንም። ዛሬ ጃንጥላ ይዛችሁ የመጣችሁ እናቶች ምስክሮቼ ናችሁ። ፓነል በደመናም ያመነጫል፣ ግን ይቀንሳል። በጥር የተሠራ ስሌት በክረምት ያዋርዳል፤ ስሌቱን በነሐሴ ሥሩት፣ የበጋው ትርፍ ነው።

ደግሞ በየጨረታው የሚዘለል አንድ ነገር አለ። ከመስመሩ ጋር ብቻ የሚሠራ ተራ ኢንቨርተር መስመሩ ሲቋረጥ ራሱን ያጠፋል። ይህን የሚያደርገው ሽቦ የሚጠግነው ሠራተኛ በእናንተ ፓነል እንዳይሞት ነው፤ ትክክል ነው። ነገር ግን ርካሽ ነው ተብሎ እሱ ከተገዛ፣ በጠራራ ፀሐይ መብራት ሲጠፋ ሶላሩም አብሮ ይጠፋል። ሃይብሪድ የሚባለው፣ ራሱን ከመስመሩ ለይቶ በባትሪ የሚቀጥለው ነው የሚፈለገው። የቴክኒክ ኮሚቴው ስፔሲፊኬሽኑ ላይ ይህን ሳይጽፍ ቢቀር በዝቅተኛ ዋጋ የሚያሸንፈው ማን እንደሆነ መገመት አያቅትም።

አንድ ግቢ ውስጥ የባትሪ ክፍል አስከፍቼ አይቻለሁ። ቁልፉ ፈቃድ የወጣ ሰው ጋር ስለነበር ማስከፈቱ ራሱ ግማሽ ቀን ፈጀ። ባትሪዎቹ የአሲድ ናቸው፤ ጫፎቻቸው ላይ አረንጓዴ ዝገት እንደ ሻጋታ ተከምሯል፤ ውኃ ማን እንደሚጨምርላቸው የሚያውቅ የለም። በንብረት ክፍል መዝገብ ግን ሁሉም በሞዴል 19 ገቢ ሆነው፣ ሙሉ ናቸው። ሲገዙ የካፒታል በጀት ነበራቸው፤ ለእንክብካቤያቸው ከሥራ ማስኬጃው አንድ ብር አልተያዘም። ዛሬ የሊቲየም ባትሪ ውኃ አይጠይቅም፣ ዕድሜውም ይረዝማል፤ ፓነል ላይ የተጋገረ አቧራ የሚያጥብ ሰው ግን አሁንም ያስፈልጋል።

ናይጄሪያ ካኖ በሚገኘው ባዬሮ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2019 የ7.1 ሜጋዋት የሶላር ሃይብሪድ ጣቢያ ተመርቋል። ሜጋዋቱ አያስቀናኝም። የሚያስቀናኝ ጣቢያው በተሠራበት የመንግሥት ፕሮግራም ውስጥ ተማሪዎች የሚሠለጥኑበት ወርክሾፕ አብሮ መታቀዱ ነው። የኤሌክትሪካል ተመራቂ በየዓመቱ የሚያወጣ ግቢ የፊውዝ መቀየሪያ ባለሙያ ከውጭ በአበል ሲያስመጣ አይገባኝም።

ክቡር የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት፣ አንድ ልመና አለኝ። በመጪው ዓመት ለሁለት የመመረቂያ ፕሮጀክት ተማሪዎች የላይብረሪውን ፍጆታ ከመስከረም እስከ ሰኔ እንዲለኩ ይፍቀዱላቸው፤ የጀነሬተሩን የናፍጣ ደረሰኝም ያሳዩአቸው። መለኪያ መሣሪያውን እኔ አመጣለሁ። ከዚያ በኋላ ስለ በጀት ብንነጋገር በግምት አንከራከርም።

ተመራቂዎች፣ እንኳን ደስ አላችሁ። ወላጆች፣ እንኳን ደስ ያላችሁ።